ከወረቀት የባህር እንስሳ ማጠፍ ካማራችሁ፦ ዓሣ ነባሪ፣ ኤሊ፣ ሸርጣን ወይስ ኦክቶፐስ?

የባህር እንስሳ ኦሪጋሚ (ወረቀት የማጠፍ ጥበብ) የሚጀምር ሰው ሁሌ የሚሰራት አንድ ስህተት አለች፣ እኔም ሰርቻታለሁ፣ ፎቶ አይቶ መምረጥ። ስምንት እግሩን ጠምዝዞ የተቀመጠ ኦክቶፐስ ታያላችሁ፣ ኧረ ይሄማ ሊያመልጠኝ አይገባም ትላላችሁ፣ ያገኛችሁትን ወረቀት አንስታችሁ ትጀምራላችሁ፣ ከዛ አርባኛው እጥፋት አካባቢ ወረቀቱ ጭብጥ ተደርጎ የተጣለ ነገር መስሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ኦክቶፐስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጊዜው ሳይደርስ፣ በማይሆነው ወረቀት ተጀምሮ ነው እንጂ።

ስለዚ እዚህ በውበት አላወዳድራቸውም፣ ውበትማ ሁሉም ያምራሉ። ስንት ወረቀት ይበላሉ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃሉ፣ ምን አይነት ወረቀት ይስማማቸዋል፣ እሱን ነው የማየው።

መጀመሪያ ጫፍ ቁጠሩ

ካሬ ወረቀት ሳትለፉ የሚሰጣችሁ አራት ጥግ ነው። እንስሳው ደግሞ ከሰውነቱ ወጣ ወጣ ያሉ ነገሮች አሉት፣ እግር፣ ክንፍ፣ ጭራ፣ መቆንጠጫ ምናምን፣ እኔ ሁሉንም ጫፍ ነው የምላቸው። ቁጠሯቸው። ዓሣ ነባሪ በቀላሉ ከተሰራ ፊቱና ጭራው ነው፣ ሁለት። ተራ ዓሣ አፍ፣ ጭራና ሁለት ክንፍ፣ አራት። የባህር ኤሊ አራት መቅዘፊያ፣ ራስና ጭራ፣ ስድስት። ኦክቶፐስ ስምንት እግርና ራስ፣ ዘጠኝ። ስኩዊድ ስምንት ክንድ አለው፣ ከነሱ የሚረዝሙ ሁለት ሌላ አለው፣ አካሉ ሲጨመር አስራ አንድ። ሸርጣን ስምንት መራመጃ፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ ዓይኖቹም ይውጡ ካላችሁ ሁለት፣ አስራ ሁለት። አያችሁ አይደል፣ ሸርጣን ከኦክቶፐስ ይከብዳል፣ ግን ትንሽ ስለሆነ ሰው ሁሉ ይንቀዋል።

ቁጥሩ ለምን ያን ያህል ወሳኝ ሆነ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ሮበርት ላንግ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ስራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ኦሪጋሚ ላይ ያደረገ፣ እሱና ጃፓናዊው ቶሺዩኪ ሜጉሮ በየፊናቸው የሰሩበት አንድ ዘዴ አለ። እያንዳንዱ ጫፍ ወረቀቱ ላይ የራሱን ክብ ቦታ ይይዛል ነው ነገሩ፣ የክቡ ራዲየስ ደግሞ የጫፉ ርዝመት ነው። ጫፉ የወረቀቱ ጥግ ላይ ከሆነ ሩብ ክብ ብቻ ይበቃዋል፣ ቀሪው ከወረቀቱ ውጪ ስለሚወድቅ አትከፍሉበትም። ጠርዝ ላይ ከሆነ ግማሽ ክብ ይበላል። መሃል ላይ ከሆነ ሙሉውን። ማለትም እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት እግሮች ቢሆኑም መሃል ላይ ያለው ጥግ ላይ ካለው አራት እጥፍ ወረቀት ይፈጃል፣ ይሄን ስሰማ ነው እኔ ለምን እግሮቼ እንደዛ አጭርና ወፍራም እንደሚሆኑ የገባኝ (የወረቀቱን እግሮች ማለቴ ነው)።

በቁጥር እንየው። 20 ሳንቲሜትር በ20 ሳንቲሜትር ካሬ አላችሁ እንበል። አራት እኩል ጫፍ ከፈለጋችሁ አራቱን ጥግ ትጠቀማላችሁ፣ እያንዳንዱ እስከ 10 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ዘጠኝ ከሆነ፣ ያው ኦክቶፐስ ማለት ነው፣ አራት ጥግ ላይ፣ አራት የጠርዞቹ መሃል ላይ፣ አንድ ደግሞ እምብርቱ ላይ ትደረድራላችሁ፣ ርዝመቱ ወዲያው ወደ 5 ይወርዳል። ላንግ የሰራው የባህር ጃርት ሃያ አምስት እሾህ አለው፣ አምስት በአምስት የተደረደሩ ክቦች፣ በዛ አደራደር ከተመሳሳይ ወረቀት የሚወጣው እሾህ 2.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የቀረው ወረቀት የት ሄደ? እዛው ነው ያለው፣ ተደራርቦ እግሩ ውስጥ ተወትፏል። ስለዚ ጫፍ በበዛ ቁጥር እንስሳው ይኮሰምናል፣ ይወፍራልም፣ እናንተ ደግሞ ቀጭን ወረቀትና ትልቅ ካሬ ያስፈልጋችኋል።

ዛሬውኑ አልቆ ማየት ለሚፈልግ

ዓሣ ነባሪ። በቃ። ካሬውን ከጥግ ወደ ጥግ አጥፋችሁ ትከፍቱታላችሁ፣ ሁለቱን ጎረቤት ጠርዞች ወደ መሃል መስመሩ ታመጣላችሁ፣ ካይት (በክር የሚበረው የወረቀት መጫወቻ) የሚመስል ነገር ይወጣል፣ ይሄ የካይት ቤዝ ይባላል፣ ቤዝ ማለት ሞዴሉ የሚነሳበት መነሻ ቅርፅ ነው። ሰፊው በኩል የተረፈችውን ሶስት ማዕዘን ወደ ውስጥ ታጥፏታላችሁ፣ ፊቱ እሷ ናት። ከዛ በመሃል መስመሩ ሁለት ታደርጉትና ቀጭኑን ጫፍ ቀና ታደርጉታላችሁ፣ ጭራ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ሰው ጭራውን በመቀስ ሰንጥቆ ወደ ሁለት ይገልጠዋል፣ መቀስ ሃጢያት ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ ለዓሣ ነባሪ ጭራ ሲሆን አላየሁም ብዬ አልፋለሁ።

ከዓሣ ነባሪ እና ከተራ ዓሣ የቱ ይሻላል ካላችሁ፣ መማር ከሆነ ያሰባችሁት ዓሣው። የዓሣ ቤዝ የሚባለው ከድሮ ጀምሮ ያለ አጀማመር ሁለት ረጅም ጫፍና ሁለት አጭር ጫፍ ይሰጣችኋል፣ አፍ፣ ጭራ፣ ሁለት ክንፍ፣ ልክ እንደተለካ ልብስ ነው፣ ምንም ትርፍ ወረቀት የለም። እሱን አንዴ እጃችሁ ከለመደው ሻርክም ዶልፊንም ከዛው ታወጣላችሁ። ዓሣ ነባሪው ግን ካለቀ አለቀ፣ የሚያስተምራችሁ ብዙ የለም፣ ደስታው ግን ሙሉ ነው፣ በተለይ ከህፃን ጋር ከሆናችሁ። ለህፃን ሌላው የምመርጠው ተነፍቶ የሚያብጠው ወርቃማ ዓሣ ነው፣ ሆዱ ባዶ ኩብ ሆኖ መጨረሻ ላይ በቀዳዳው እፍ ሲባል ብድግ ይላል፣ አምስቴ አስነፍተውኛል በአንድ ቀን።

ማንታ ሬይ (ሰፊ ክንፍ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ደግሞ እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ካርድ ላይ ለመለጠፍ ወይ በክር ለመስቀል ይሆናል፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት የወደቀ ወረቀት ነው የሚመስለው፣ እሱን እወቁ።

ኤሊ እና ሸርጣን

እዚህ ጋ ነው ምርጫው የሚከብደው፣ ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ ተመጣጣኝ ስለሚመስሉ። አይደሉም።

ሸርጣን ሁለት አይነት አለ። አንዱ የውሃ ቦምብ ቤዝ ከሚባለው ሶስት ማዕዘን የሚጀምረው ቀላሉ ነው፣ ሁለት መቆንጠጫ ወደ ላይ፣ ሁለት እግር ወደ ታች፣ ያው አራቱ የወረቀቱ ጥጎች ናቸው፣ ስምንት እግር አለው ብላችሁ ራሳችሁን ማሳመን አለባችሁ። ሁለተኛው እውነተኛው ነው፣ እግሮቹ በሙሉ ያሉት። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ምን ልበላችሁ፣ ገደል ነው።

የኔ የመጀመሪያ እውነተኛ ሸርጣን የተሰራው፣ ማለቴ ያልተሰራው፣ ከኤ4 የፎቶኮፒ ወረቀት ነው። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት፣ ከቆረጥኩት በኋላ 21 ሳንቲሜትር ካሬ። ቆረጥኩት ስል በዓይኔ ነው የቆረጥኩት። ካሬውን ከጥግ ወደ ጥግ አጥፌ ጠርዞቹ ይገጥሙ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም፣ አንድ ሚሊሜትር ምናምን ያህል ዘንበል ብሎ ነበር። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅም። ነገር ግን ያቺ አንድ ሚሊሜትር በእያንዳንዱ እጥፋት ስትደመር ግራው እግር ከቀኙ አጠረ፣ አስራ ምናምን ድርብ የሆነውን እግር ለማቅጠን በጥፍሬ ስጫነው ደግሞ መታጠፊያው ላይ ጠጥ ብሎ ተቀደደ፣ ውስጡ ያለው ነጭ የወረቀት ክር ይታያል። አራት ጊዜ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ካጠፋችሁ 16 ድርብ ነው፣ አንዴ ስትጨምሩ 32፣ ፎቶኮፒ ወረቀት 32 ድርብ ሆኖ የሸርጣን እግር አይሆንም፣ የበር መደገፊያ ነው የሚሆነው። ልፋ ያለው በህልሙ ዳውላ ይሸከማል የሚባለው ለኔ ነው።

ኤሊ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ስድስት ጫፍ ስለሆነ እጥፋቱ አያስለቅስም፣ መቅዘፊያዎቹም ሰፊ ናቸው፣ ማቅጠን የለም። የሚያስቸግረው ጀርባው ነው፣ ጉብ ማለት አለበት፣ ወረቀት ደግሞ መታጠፍ እንጂ መጎበጥ አይወድም። ጠፍጣፋ ኤሊ ከሆነ የምትፈልጉት ማንኛውም ወረቀት ይሆናል። ጉብታ ያለው ኤሊ ካማራችሁ ግን ጃፓናዊው የኦሪጋሚ ሰው አኪራ ዮሺዛዋ (እ.ኤ.አ. 1911–2005) ያመጣው በእርጥበት የማጠፍ ዘዴ ውስጥ ትገባላችሁ። ወፈር ያለ ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ ታደርጉታላችሁ፣ አይነከርም፣ ዳበስ ብቻ፣ ለስለስ ሲል በጣታችሁ ቅርፅ ትሰጡታላችሁ፣ ሲደርቅ እንደዛው ድርቅ ይላል። የሚሰራበት ምክንያት ወረቀቱ ውስጥ ያለው ሙጫ ነገር በውሃ ስለሚላላ እና ሲደርቅ መልሶ ስለሚይዝ ነው፣ ስለዚ ሙጫ የሌለው ስስ ወረቀት ላይ ብትሞክሩት ይበጣጠስባችኋል።

ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ ኤሊ፣ ያለ ጥርጥር። የሚታይ ነገር ይወጣል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ብትሳሳቱም ኤሊነቱ አይጠፋም። ሸርጣን አንድ እግር ከጎደለው ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው።

ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድ፣ ጄሊፊሽ

ኦክቶፐስ ለሚፈልግ ሰው ሶስት መንገድ አለ። አንደኛው በመቀስ ነው፣ ወረቀቱን ሰንጥቃችሁ ስምንት እግር ማውጣት፣ ይሄ ወደ ኪሪጋሚ፣ ወረቀት እየቆረጡ ወደሚሰራው ጥበብ፣ ይጠጋል፣ ለልጆችና ለማስጌጫ ምንም አይወጣለትም፣ ጄሊፊሽም በዚህ መንገድ ነው የሚያምረው ብዬ አምናለሁ፣ ከላይ ቆብ፣ ከታች ቀጫጭን ክሮች፣ በክር ሰቅላችሁ ነፋስ ሲነካው ይዋኛል። ሁለተኛው መጀመሪያ አራቱን ጥግ ወደ መሃል አጥፋችሁ ከዛ በኋላ የተለመደውን ቤዝ መስራት ነው፣ የተደበቁት ጥጎች ኋላ ተጎትተው ወጥተው ትርፍ ጫፍ ይሆናሉ። ዘዴው ጎበዝ ነው፣ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ 15 ሳንቲሜትር የነበረው ካሬ ገና ሳትጀምሩ ወደ 10.6 ይወርዳል፣ ድርቡም ሁለት ሆኗል። ሶስተኛው በክቦቹ ስሌት የተነደፈ ሞዴል ነው፣ ላንግ ለዚህ ስራ ትሪሜከር የሚባል ሶፍትዌር ሁሉ ሰርቷል፣ እንስሳውን በመስመር ብቻ የሚያሳይ አፅም አይነት ስዕል ትሰጡታላችሁ፣ የእጥፋት መስመሮቹን እሱ ያሰላል።

እኔ ሶስተኛውን ነው የሰራሁት፣ 35 ሳንቲሜትር ወረቀት፣ አራት ምሽት ፈጀብኝ፣ ሁለቱ ምሽት ምልክት ማስመር ብቻ ነበር፣ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ሆኖ መስመር በመስመር ሆኖ ተቀምጧል፣ ቤተሰቡ ምን እየሰራህ ነው ሲለኝ ኦክቶፐስ እላለሁ፣ ያዩኛል። ከዛ ሶስተኛው ቀን ላይ ሁሉም መስመር ባንዴ ይሰባሰባል፣ በአስር ጣት ይዛችሁት በጥርስም ልትይዙት ያምራችኋል። ያን ግዜ ስምንቱ እግር ሲወጣ የሚሰማ ደስታ ዓሣ ነባሪ ላይ የለም፣ መቼም አልዋሽም።

ስኩዊድን ከኦክቶፐስ በፊት ብትሞክሩት ነው የምመክረው፣ ምንም እንኳን ጫፉ ቢበዛም። ምክንያቱም እግሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰብስበው ስለሚወርዱ ወፍራም ቢሆኑም እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ። የኦክቶፐስ እግር ለብቻው ተዘርግቶ ለሰው ዓይን ይጋለጣል።

ጫፍ ቆጠራ የማይሰራባቸው

የባህር ፈረስ። ቁጠሩት ብላችሁ ሶስት አራት ጫፍ ነው፣ ቀላል ይመስላል፣ ወጥመድ ነው። አካሉ ቀለበት ቀለበት ስለሆነ በሽንሽን ነው የሚሰራው፣ ሽንሽኖቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ጭራው ሲጠቀለል ይንጋደዳል። ዛጎልም እንደዛው ነው፣ ምንም ጫፍ የለውም፣ ሙሉ በሙሉ ሽንሽን፣ ሽንሽኖቹ በአንድ በኩል ጠበብ በሌላው ሰፋ ስለሚሉ ወረቀቱ ራሱ እየዞረ ይሄዳል። ግን ዛጎል ይቅር ይላል፣ ትንሽ ስህተት ተፈጥሮ ይመስላል፣ የባህር ፈረስ ይቅር አይልም። ሽንሽን መለማመድ የፈለገ በዛጎል ይጀምር።

የዚህ መንገድ መጨረሻው የት ነው ካላችሁ ሳቶሺ ካሚያ የነደፈው ሪዩጂን 3.5 ነው፣ ሪዩጂን በጃፓን ተረት የባህር ዘንዶ አምላክ ነው፣ ከአንድ ካሬ፣ ያለ መቀስ፣ አካሉ በሙሉ ቅርፊት። እሱን ለማየት ብቻ ነው ያነሳሁት፣ ማንም እንዳይጀምረው።

ኮከብ ዓሣም ሌላ ጣጣ አለው፣ አምስት ነው። ካሬ ከአምስት ጋር አይስማማም። ወይ መጀመሪያ ካሬውን አምስት ጎን አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ወይ አምስት ትናንሽ ወረቀት ለየብቻ አንድ አይነት አጥፋችሁ ትሰካካላችሁ። ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ነው የምትጥሉት።

ወረቀት

ግማሹ ምርጫ እዚህ ነው ያለው። ለዓሣ ነባሪ፣ ለዓሣ፣ ለማንታ ሬይ ፎቶኮፒ ወረቀትም ሆነ በአንድ በኩል ቀለም በሌላው ነጭ የሆነው የተለመደው 15 ሳንቲሜትር የኦሪጋሚ ወረቀት ይሆናል። ሁለት ቀለም ያለው ወረቀት ዋናው ጥቅሙ ጥቁርና ነጭ የሆነውን ኦርካ ስትሰሩ ነው፣ ነጩን ፊት ሆን ብላችሁ እየገለበጣችሁ ሆዱንና ከዓይኑ ኋላ ያለውን ነጥብ ታወጣላችሁ፣ ያለሱ ኦርካ ተራ ዶልፊን ነው። ለጉብታማ ኤሊ ወፍራም፣ ሙጫ ያለው። ለሸርጣንና ለኦክቶፐስ ስስ ግን የማይቀደድ፣ ብዙ ሰው ስስ የቲሹ ወረቀት ከፎይል ጋር በሙጫ አጣብቆ ነው የሚጠቀመው፣ እግሩ በጠመዘዛችሁበት ይቀራል። ንፁህ ፎይል ወረቀት ግን እጠነቀቀዋለሁ፣ የተሳሳታችሁት መስመር አይጠፋም፣ እድሜ ልኩን ያንፀባርቅባችኋል።

መመሪያውን በተመለከተ፣ ስዕላዊ ዲያግራም ካላችሁ እሱን ያዙ። ሰረዝ ሰረዝ ያለው መስመር ወደ ውስጥ እጠፍ ማለት ነው፣ ሰረዝና ነጥብ የተቀላቀለው ወደ ኋላ፣ ይሄንን የምልክት ቋንቋ ያስጀመረው ያው ዮሺዛዋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ስለዚ ጃፓንኛ ባታነቡም ከጃፓን ዲያግራም ማጠፍ ትችላላችሁ። ቪዲዮ ለጀማሪ ይቀላል፣ ችግሩ የሰውየው ጣት ሁሌ ዋናው ቦታ ላይ ነው የሚጋርደው። መስመር ብቻ ያለበት ባዶ የእጥፋት ካርታ ከሆነ ደግሞ፣ ቅደም ተከተል የማይነግራችሁ፣ ሁለት ሶስት ከባድ ሞዴል ሳትጨርሱ አትንኩት።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ የት ልታስቀምጡት ነው? ክፍት ቦታ ላይ ከሆነ እርጥበት ወረቀቱን ያላላዋል። በእርጥበት ታጥፎ የደረቀው ኤሊዬ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ኦክቶፐሱ ግን እግሮቹን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈተ ነው፣ ሁለቱን በቀጭን ሽቦ ከውስጥ ደግፌያቸዋለሁ፣ ከፊት ለፊት አይታይም።